የተላከው እንግዳ

ሐዋርያዊ ጉዞ የሚባለው፣ ማለትም ምእመናን ከሚኖሩበት ከተማ ተነሥተው ራቅ ወዳሉ የገጠር አጥቢያዎች እየሄዱ ለጥቂት ቀናት የሚሰብኩበት፣ የሚያስተምሩበትና የተቸገረውን የሚረዱበት አገልግሎት፣ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሰንበት ትምህርት ቤቶችና በ1984 ዓ.ም. እንደተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳን ባሉ ማኅበራት ዘንድ ሥር የሰደደ ልማድ ሆኗል፤ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም ወጣቶቻቸውን በተመሳሳይ መንገድ ያሰማራሉ። ጧፍ፣ ዕጣን፣ ዘቢብ፣ አልባሳትና መድኃኒት ማሰባሰቡ ያን ያህል አይከብድም፤ የሚከብደው ተላኪው ለሚሄድበት ሕዝብ ምኑ እንደሆነ ማወቁ ነው። ሰጪ ነው ወይስ ተቀባይ፣ መምህር ነው ወይስ እንግዳ የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ አውቶቡሱ ከተነሣ፣ የተጫነው ሁሉ በቅን ልብ የተሰበሰበ ቢሆንም አገልግሎቱ አቅጣጫውን ሊስት ይችላል።

ምዕራብ ጎጃም ይህን ጥያቄ አጥብቆ የሚያስነሣ ምድር ነው። የወንበርማ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በሽንዲ ዙሪያ ያለው ገበሬ በቆሎና በርበሬ አምርቶ ከራሱ አልፎ ሌላውን የሚመግብ ስለሆነ፣ ከአዲስ አበባ የሚነሣው ተጓዥ «ድሀ ገጠር» ብሎ የሚያስበው አገር በብዙ ነገር ድሀ አይደለም። በጥር ጎተራው የሞላለት አባወራ በክረምቱ መውጫ ወባ የያዘውን ልጁን ጤና ጣቢያ ለማድረስ በቃሬዛ ተሸክሞ ረጅም መንገድ ሊሄድ ይችላል፤ ችግሩን እንዲህ ለይቶ ያላየ ልግስና በሞላው ላይ ጨምሮ የጎደለውን አልፎ ይሄዳል።

ከእህሉም በላይ ይህ ምድር መምህራን ያፈራል። ጎንጅ፣ ዋሸራ፣ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስ በቅኔ ትምህርት፣ ማለትም በግእዝ በሰምና ወርቅ ምስጢር እየተዋዛ በሚደረሰው የቤተ ክርስቲያን ድርሰት፣ ስማቸው ገንኖ የሚነሣ የጎጃም ጉባኤ ቤቶች ናቸው፤ በ1958 ዓ.ም. በታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የማንኩሳው በዛብህ ተምሮ ለመምህርነት የበቃበት መንገድም ልብ ወለድ ቢሆን የአገሩን እውነት የተከተለ ነው። እነዚህ ጉባኤ ቤቶች የቆሙት በመንደርተኛው እንጀራ ነው። የቆሎ ተማሪው፣ ይኸውም ከወላጆቹ ርቆ የአብነት ትምህርት የሚማረው ልጅ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ በየደጁ በማርያም ስም ሲለምን፣ የቤቱ እመቤት ከመሶቧ ቁራሽ አንሥታ ወይም ከምጣዱ ቆሎ ዘግና ታወጣለታለች፤ ስሙን አትጠይቀውም፣ ውለታም አትቆጥርበትም። በከተማ ዐውደ ምሕረት ላይ ቆሞ የሚያስተምረው ሊቅ እርሱ ራሱ ወይም መምህሩ ብዙውን ጊዜ በእንዲህ ያለ ቁራሽ ያደገ በመሆኑ፣ ወደ ሽንዲ ገጠር የሚወርድ ሰባኪ የሚሄደው ወዳበደረው ቤት ነው።

ወንጌሉም ተላኪውን በዚሁ ስፍራ ያስቀምጠዋል። ደቀ መዛሙርቱ ሲላኩ ስንቅና ከረጢት እንዳይዙ፣ በገቡበት ቤት እንዲቀመጡና የቀረበላቸውን እንዲበሉ መታዘዛቸው፣ የሚሰብኩለትን ሕዝብ እጅ እንዲያዩ ያደረጋቸው ትእዛዝ ነው፤ ለመፈወስ ሥልጣን የተሰጠው ሰው ለራቱ ግን የሰው ደጅ ይጠብቃል። በማቴዎስ ወንጌል 25ኛ ምዕራፍ በተነገረው የፍርድ ቀንም ጌታ ራሱን የሚቆጥረው ከተራበው፣ ከታረዘውና ከእንግዳው ጋር ስለሆነ፣ ተጓዡ ክርስቶስን ወደ መንደሩ ይዞ እንደሚገባ ማሰቡ ይከብዳል፤ ቀድሞት ደርሷልና። በዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል፤ በእውነት በተራበ ቤት ገብቶ መብላት ጭካኔ ነው፣ ሐዋርያው ያዕቆብም ለተራበ ወንድም የቃል ምርቃት ብቻ ሰጥቶ ማሰናበትን ከሞተ እምነት ይቆጥረዋል። ተቃውሞው በድርቅ ለተመታ ቀበሌ ሙሉ በሙሉ ይሠራል፤ ጎተራ ላለው ገበሬ ግን እንግዳ መቀበል ክብሩ ነውና ይህን ክብር መንሣት ሌላ ዓይነት ማደህየት ይሆናል።

በምዕራብ ጎጃም ገጠር መንገድ ላይ የመሸበት ሰው ከደጅ ቆሞ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ሲል «ቤት የእግዚአብሔር ነው» የሚል መልስ ያገኛል፤ በልማዱ መሠረት ውኃ ሞቆ እግሩ ይታጠባል፣ ለራሱም መደብ ይለቀቅለታል። ቤተ ክርስቲያን በጸሎተ ሐሙስ ሕፅበተ እግር ብላ በዓመት አንድ ጊዜ የምትፈጽመውን፣ ማለትም ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ማጠቡን የምታስብበትን ሥርዓት፣ ይህ ቤት ያለ ደወል ይፈጽመዋል። እንግዲህ የታሸገ ውኃውንና የራሱን ምግብ ይዞ መጥቶ፣ በአውቶቡሱ ውስጥ በልቶ፣ ልብስ ሲያድል ፎቶግራፍ ተነሥቶ የሚመለስ ቡድን ምን እንደነፈገ ሳያውቀው ይቀራል። ከሁሉ የሚያሳዝነው የአጥቢያው ካህን ሁኔታ ነው፤ በሥራ ቀን በራሱ በሬዎች አርሶ፣ በበዓል ቀን ሌሊት ተነሥቶ የሚቀድሰው ይህ ሰው፣ ምእመናኑን ከክርስትና እስከ ፍትሐት እያገለገለ ኖሮ፣ ማይክራፎን የያዘ ወጣት በገዛ መንጋው ፊት ስለ ክርስትና ሕይወት ሲያስተምረው ዳር ላይ ተቀምጦ ይሰማል።

ስብከትና እርዳታ አብረው ሲጓዙ ሌላ ጥያቄም ይነሣል፤ እርዳታ የስብከት ማጥመጃ እንዳይሆን የሚለው ስጋት በአገሪቱ ሕግ ውስጥም ገብቶ ነበር። በነሐሴ 1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌ አገሪቱን ለሁለት ከፍሎ፣ ጎጃምን በመሳሰሉ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክልሎች የውጭ ሚሲዮናውያን ሰው ወደ ሃይማኖታቸው ሳይስቡ በሕክምናና ከሃይማኖት ወገንተኝነት ነጻ በሆነ ትምህርት ብቻ እንዲያገለግሉ ፈቅዶ ነበር። ዓላማው ፖለቲካና የቤተ ክርስቲያን ጥበቃ ቢሆንም፣ ከውስጡ የሚገኘው ሐሳብ ለማንኛውም ክርስቲያን ይጠቅማል፤ በሽተኛ የሚታከመው ስለታመመ ነው፣ ሕፃን ፊደል የሚቆጥረው ማወቅ ስለሚገባው ነው፣ ለዚህም ነፍሱን ዋጋ አድርጎ እንዲከፍል አይጠየቅም። ይህ ሥርዓት ለኦርቶዶክሳዊው ማኅበርም ይሠራል፤ የወባ መድኃኒት ለመስጠት አስቀድሞ ስብከት እንዲሰማ ማስገደድ፣ ወይም ልብሱን ጉባኤ ለታደመ ብቻ ማደል፣ ስጦታውን ወደ ክፍያ ይለውጠዋል።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት መንገድን አደገኛ ስላደረገው ተላኪው ለሕዝቡ ምኑ ነው የሚለው ጥያቄ ይበልጥ ጠብቋል። አገልግሎቱ በጉዞው ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ከነበረ፣ መንገዱ ሲዘጋ አብሮ ይቆማል፤ የአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ፣ ማለትም ካህናትና ምእመናን በጋራ ቤተ ክርስቲያኑን የሚያስተዳድሩበት ጉባኤ፣ ለስንት ተማሪ ጎጆ እንደሚያስፈልግ፣ የትኛው ጣሪያ እንደሚያፈስ፣ የየኔታ ቀለብ በየትኛው ወር እንደሚያልቅ ራሱ ወስኖ የጠየቀው ድጋፍ ግን ያለ አውቶቡስም በሰው እጅ ሊደርስ ይችላል። ሰላም ሆኖ መንገዱ ሲከፈትም ተጓዡ በሐምሌ የአረም ደቦ፣ ይኸውም ጎረቤት ተሰብስቦ የአንዱን ማሳ በአንድነት በሚሠራበት ቀን፣ ከገበሬው ጎን ጎንበስ ብሎ በቆሎ ቢያርም፣ ከሥራው በኋላም ከደቦኛው ጋር ከአንድ ገበታ ቢቆርስ፣ ማታ በዚያው ቤት ሲሰብክ የሚሰሙት ቀኑን ሙሉ አብረውት የዋሉ ሰዎች ይሆናሉ።