ከፎቶግራፉ የተቆረጠው ወንድም



በሀገራችን ለቅሶ ቤት እናት ወይም እህት የሟችን ፎቶግራፍ ታቅፋ ስታለቅስ ሁላችንም አይተናል። ፎቶግራፍ የማንሳት ጥበብ እ.ኤ.አ. በ1839 በፓሪስ ለሕዝብ ይፋ ከሆነ ወዲህ፣ የሰው ልጅ የሚወዳቸውን ሰዎች ፊት ከመረሳት ለማዳን በዚህ ጥበብ ሲጠቀም ኖሯል። በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት ፎቶግራፎችም ይህንኑ ይመሰክራሉ፤ ገዳዮች ሊያጠፉት የፈለጉት ፊት ዛሬም ጎብኚውን ይመለከተዋል።

ነገር ግን ፎቶግራፍ የሚያስታውሰንን ሁሉ ልባችን ሊያስታውስ አይወድም። እናታቸው ያረፉባቸውን ቤተሰብ ለማጽናናት በሄድንበት ቤት አንድ የቆየ የቤተሰብ ፎቶግራፍ አየን። ከዳር ቆሞ የነበረው ታላቅ ወንድም በአባታቸው ውርስ ጠብ ምክንያት በመቀስ ተቆርጦ ወጥቷል። እጁ ግን በታናሽ እህቱ ትከሻ ላይ ቀርቷል፤ እርሱን ለማውጣት እህቲቱን መቁረጥ ያስፈልግ ነበርና። በዚያ ቀን ወንድምየው ከድንኳኑ ዳር ብቻውን ተቀምጦ ነበር።

እኛስ ከልባችን ስንቱን ቆርጠን ጥለናል? ስንቱንስ በበደለን ቀን በነበረው መልኩ ብቻ አስቀርተነዋል? ፎቶግራፍ ቅጽበትን ይይዛል እንጂ ከዚያ በኋላ የመጣውን ንስሐና እንባ አያሳይም። እግዚአብሔር ግን ሰውን በአንዲት ክፉ ቅጽበቱ ብቻ አያስበውም። ጴጥሮስ በእሳቱ አጠገብ ጌታውን ሲክድ ብቻ ቢታሰብ ኖሮ፣ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር በጎቹን የተረከበውን እረኛ ባላወቅነው ነበር።

ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች፣ የቤታችንን ፎቶግራፎች አውጥተን ከልጆቻችን ጋር እንመልከት። ከጀርባቸው ስም እንጻፍ፤ ያረፉትን በመሥዋዕተ ቅዳሴ እናስብ። የተቆረጠ ካለ ስሙን ለልጆቻችን አንደብቅ፤ በሕይወት ካለም ሄደን ደጁን እናንኳኳ። ጌታችን በተያዘባት ሌሊት ለመታሰቢያው የሰጠን ማዕድ ነው፤ በማዕድ ዙሪያ ደግሞ የጎደለው ወንድም ቦታ ወዲያው ይታወቃል።

የማይረሳ አምላክ ይቅር የሚል ልብ ይስጠን። አሜን።