መጽሐፍ መስረቅና መጽሐፍ መቅዳት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከጣና ገዳማት ጀምሮ እስከ አዊ አድባራት ድረስ በየዕቃ ቤቱ ከተቀመጡት የብራና መጻሕፍት አንዱን አንሥቶ የመጨረሻውን ቅጠል የገለጠ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ የተለመደ ጽሑፍ ያገኛል። ይኸውም የጻፈው ሰው ስም፥ ያጻፈው ሰው ስም፥ መጽሐፉ የተሰጠበት ቤተ ክርስቲያን ስም፥ በመጨረሻም ውግዘት ነው። ውግዘቱም የሚወርደው መጽሐፉን በሰረቀውና ጽሕፈቱን በፋቀው ሰው ላይ ነው እንጂ ተውሶ በቀዳው ላይ አይደለም። እንዲያውም መጽሐፍ ማጻፍ ለነፍስ እንደሚጠቅም የጽድቅ ሥራ ይቈጠር ስለ ነበረ፥ አንዱ ደብር ለሌላው መጽሐፉን እያዋሰ፥ ያም እየቀዳ፥ ቅዱሳት መጻሕፍት በአገራችን ሁሉ ሊዳረሱ ችለዋል።

ከዚህ የምንማረው ታላቅ ትምህርት አለ። መስረቅ ሌላ ነው፤ መቅዳትም ሌላ ነው። የሰረቀ ሰው ባለቤቱን ባዶ እጁን ያስቀረዋል፤ የቀዳ ሰው ግን አንዱን ሁለት ያደርገዋል። በትንሣኤ ሌሊት ጧፍ ከጧፍ ሲለኰስ የመጀመሪያው ጧፍ ብርሃኑ እንደማይጐድልበት ሁሉ፥ ዕውቀትም ሲካፈሉት አይጐድልም።

የሁለቱን ልዩነት ታሪካችን በግልጥ ያሳየናል። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ፥ ዐፄ ቴዎድሮስ ሰብስበዋቸው የነበሩት መጻሕፍት ተዘርፈው ባሕር ተሻገሩ፤ ከእነዚህም ወደ 350 የሚሆኑት ዛሬ በለንደን በእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ይህ መውሰድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ግን በቤተ ክርስቲያናችን ስምምነት የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ። ብራናው የባለቤቱ ቤተ ክርስቲያን ንብረት እንደ ሆነ ቀረ፤ ፊልሙም አንዱ ቅጂ በአዲስ አበባ፥ ሌላው በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ፥ በኮሌጅቪል በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። በዚህ ዓይነት ከ9,000 የሚበልጡ መጻሕፍት ተነሥተዋል። ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም የእነዚህን መጻሕፍት ዝርዝርና መግለጫ በማዘጋጀት ብዙ ደክመዋል። ይህ መቅዳት ነው። እሳት ወይም ምስጥ አንዱን ብራና ቢያጠፋው እንኳ ቃሉ አብሮ አይጠፋም።

የቅኔ ቤታችንም ሥርዓት ይህንኑ ይመሰክራል። በጎጃም የቅኔ ጉባኤያት የኔታ ደመወዝ ሳይጠይቁ ያስተምራሉ፤ ተማሪውም ቍራሽ ለምኖ እየበላ ይማራል። የተማረውንም በተራው ያስተምራል እንጂ ቆልፎ አያስቀምጠውም። ነገር ግን የመምህሩን ወይም የጓደኛውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ቢናገር በጉባኤው ፊት ያፍራል፤ ስለዚህ ቅኔው የማን እንደ ሆነ ተጠርቶ ይነገራል። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን የቅዱስ ያሬድን ዜማ በምልክት የወሰኑት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤልም ድካማቸውን ለሁሉ ሰጡ፤ ስማቸው ግን እስከ ዛሬ ከሥራቸው ጋር ይጠራል። ሳይሰስቱ መስጠት፥ የሰጠውንም ስም አለመፋቅ፥ ሁለቱ አንድ ላይ የሚሄዱ ናቸው።

በዚህ ዘመን ዓለም ወደዚሁ አሳብ በሌላ መንገድ ደርሷል። የአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 የደራሲን ሥራ በሕይወቱ ዘመንና ካረፈ በኋላም 50 ዓመት ይጠብቃል። ይህም ሠራተኛው ድካሙን እንዳይቀማ ስለሚያደርግ መልካም ነው። ነገር ግን ሥራውን ለሁሉ ማካፈል የሚወድ ደራሲ ፈቃዱን የሚገልጥበት ቃል ያስፈልገው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 የተቋቋመው ክሬቲቭ ኮመንስ የተባለው ድርጅት ስለዚህ የፈቃድ ጽሑፎችን አዘጋጀ። በእነዚህም ደራሲው፦ ሥራዬን ቅዱ፥ አካፍሉ፥ ስሜን ግን ጥሩ፤ ብትወዱ ቀጥሉበት፥ እናንተም እንደዚሁ አካፍሉ፤ ወይም ለንግድ አታድርጉት፥ ወይም አትለውጡት፥ እያለ እንደ ፈቃዱ ይወስናል። በአማርኛም የሚጻፈው ውክፔዲያ የሚሠራጨው በዚህ ዓይነት ፈቃድ ነው። የብራናው ጸሐፊ በመጨረሻው ቅጠል ያደረገውን እነዚህ በሕግ ቋንቋ አደረጉት ማለት ነው።

ይህ ነገር የእኛም ነገር ነው። በአዊ ምድር፥ በቆሰበር፥ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ፈረሰኞች ይሰበሰባሉ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዚያ ቀን ዓድዋ የዘመቱትን አባቶችና ፈረሶቻቸውን ያስባል። ይህን የሚያህል ትውፊት አንድ ደራሲ የለውም፤ የአባቶች ሁሉ ነው። መጥቶ ምስሉን ያነሣና የቦታውንና የማኅበሩን ስም ጠርቶ ለዓለም ያሳየ ሰው ምስጋና ይገባዋል። ስሙን ሰውሮ የራሱ ሀብት ያደረገ፥ በኋላም የባለቤቶቹን ልጆች አትንኩብኝ የሚል ግን ስሙን በፋቀው ሰው ቦታ ቆሟል።

ምናልባት፦ ያለው ድምፁ ብቻ የሆነ ድኻ መሪጌታ ዜማውን በነጻ ቢሰጥ በምን ይኖራል? የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ ጌታችንም ለሠራተኛ ዋጋው እንደሚገባው አስተምሯል። ሐዋርያው ቅዱስ ጴጥሮስ ሐናንያን በገሠጸው ጊዜ፥ መሬቱ ሳይሸጥ የራሱ እንደ ነበረ፥ ከተሸጠም በኋላ ገንዘቡ በሥልጣኑ እንደ ነበረ ነገረው እንጂ ለምን ሁሉን አልሰጠህም ብሎ አልፈረደበትም፤ የተፈረደበት በመዋሸቱ ነው። ስለዚህ ስጦታ በፈቃድ ይሁን። መሪጌታውን ሳያስፈቅዱ ድምፁን ቀርጾ ማሠራጨት ልግስና አይባልም፤ በሰው ገንዘብ መመጽወት ነውና። በነጻ የሚያስተምረውን መምህር መመገብም የተማረው ሕዝብ ዕዳ ነው።

ሌሎች ደግሞ፦ መጽሐፋችን በፎቶግራፍ ከታየ ሌባ ያየዋል ብለው ይሠጋሉ። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ተሰውሮ የኖረ መጽሐፍ ቢሰረቅ የማን እንደ ነበረ ማስረጃ አይገኝለትም፤ ምስሉና መዝገቡ ያለው ግን ይታወቃል።

ስለዚህ ወንድሞቼ! በየሰበካ ጉባኤያችን ይህን ሥርዓት ብናጸና መልካም ነው። መጽሐፍ ሊያነሣ ወይም ዜማ ሊቀርጽ የሚመጣ ሰው አስቀድሞ በጽሑፍ ይፈቀድለት፤ የቤተ ክርስቲያኑንና የመምህሩን ስም ከሥራው ጋር ይጻፍ፤ አንድ ቅጂ ለቤተ ክርስቲያኑ ይተው፤ ምን እንደ ተፈቀደና ምን እንዳልተፈቀደም በግልጥ ይነገር። ለሕዝብ ዓይን የማይገባው ምስጢር እንደ ሥርዓቱ ይጠበቅ። በየመንደሩ ያሉ አረጋውያን መምህራንም በሕይወት ሳሉ ይጠየቁ፤ የእነርሱ ቅኔ ከእነርሱ ጋር ከተቀበረ ማንም ሊመልሰው አይችልምና።

ጌታችን ሐዋርያትን ሲልካቸው ያለ ዋጋ የተቀበሉትን ያለ ዋጋ እንዲሰጡ አዘዛቸው። መክሊቱን በመሬት የቀበረውም አገልጋይ የተወቀሰው ሰርቆ አልነበረም፤ የተቀበለውን ሳያበዛ እንዳለ ስለ መለሰ ነው። እኛም ከአባቶቻችን የተቀበልነውን አብዝተን ለልጆቻችን እንድናስረክብ አምላከ ቅዱሳን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።