የአባት ጥሩር በልጅ ትከሻ

ከአለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል በሚገኝበት በየካ ተራራ፥ ከካራ በላይ፥ ማለዳ የሚወጣ ሰው ሁለት ዓይነት ትጉሃንን ያገኛል። አንደኞቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ለኪዳን ጸሎት ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚገሠግሡ ምእመናን ናቸው። ሁለተኞቹም ጎሕ ሳይቀድ በባሕር ዛፉ መካከል የሚሮጡ፥ አንዳንዴም ቆም ብለው ጡጫቸውን ወደ ነፋስ የሚወረውሩ ወጣቶች ናቸው። ከእነዚህም መካከል አባቱ የታወቀ ስለ ሆነ ብቻ የሚደክም አይጠፋም። እንግዲህ የታወቀ አባት ልጁን በራሱ መንገድ ሊመራው ይገባዋልን? ቢመራውስ የልጁን መጠን የሚለካው በማን ዓይን ነው? ጥያቄው ለካህናት ቤት ባዕድ አይደለም። የመሪጌታ ልጅ ገና ፊደል ሳይለይ «የእገሌ ልጅ አይደለምን?» እየተባለ ያድጋልና።

የቡጢ ነገር በመንፈሳዊ ገጽ ላይ መነሣቱ የሚያስደንቀው ቢኖር፥ ሐዋርያው ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክቱ በዘጠነኛው ምዕራፍ ራሱን ነፋስን ከማይመታ ተጋጣሚ ጋር ማመሳሰሉን ያስታውስ። የሰውን ፊት መምታት መልካም ጨዋታ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነውና አንገባበትም፤ እኔ በበኩሌ እምብዛም አልወደውም።

አበበ ቢቂላ በጥቅምት ወር 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ባሸነፈበት ኦሊምፒክ፥ ጆ ፍሬዘር የሚባል አሜሪካዊ ወጣት በከባድ ሚዛን ቡጢ የወርቅ ሜዳሊያ ወሰደ። በደቡብ ካሮላይና ከድኻ ገበሬ ቤት የተወለደ፥ በፊላዴልፍያ ከተማ በከብት ማረጃ ቤት የሠራ ሰው ነበር። በ1963 ዓ.ም. ሙሐመድ ዓሊን በ15 ዙር ባሸነፈ ጊዜ ስሙ በዓለም ሁሉ ተሰማ። ልጁ ማርቪስ የተወለደው በ1953 ዓ.ም. መግቢያ ነው። ይህም ልጅ ባዶ ስም የተሸከመ አልነበረም፤ በ1972 ዓ.ም. በዮኮሐማ በተደረገው የወጣቶች የዓለም ውድድር በከባድ ሚዛን አንደኛ ወጥቷል።

ከዚያ በኋላ አባቱ አሠልጣኙም ጉዳይ አስፈጻሚውም ሆነ። ልጁ ገና 10 ግጥሚያ ብቻ አድርጎ፥ ዐሥሩንም አሸንፎ ሳለ፥ በኅዳር ወር 1976 ዓ.ም. ከላሪ ሆልምስ ጋር አጋጠመው። ሆልምስ 44 ጊዜ ተጋጥሞ አንድ ጊዜ ስንኳ ያልተሸነፈ የዓለም ሻምፒዮን ነበር። ቀድሞም የጆ ፍሬዘር የልምምድ ጓደኛ ነበርና አባትየው የክንዱን ብርታት አሳምሮ ያውቅ ነበር። የመጀመሪያው ዙር ሳያልቅ ማርቪስ ወደቀ። ተነሥቶም ገመዱን ተደግፎ ሲደበደብ፥ ዳኛው ግጥሚያውን እንዲያስቆም በእጁ ምልክት የሰጠው መቺው ሆልምስ ራሱ ነው። ሦስት ዓመት ሳይሞላም በሐምሌ ወር 1978 ዓ.ም. ማይክ ታይሰን በ30 ሰኮንድ ጣለው። ማርቪስ በሥራው ዘመን ሁሉ ከ21 ግጥሚያ 19ኙን አሸንፏል፤ ሰው የሚያስታውሰው ግን የተሸነፈባቸውን ሁለቱን ነው። በ1981 ዓ.ም. ቡጢን ተወ፥ ኋላም በሃይማኖቱ ሥርዓት ሰባኪ ሆነ። ከአባቱ ግን አልራቀም።

ይህን የሚሰማ ብዙ ሰው «እንዲህ ያለ አባት ልጁን አይወድም» ይል ይሆናል። ፍርዱ የተፋጠነ ይመስለኛል። በመስከረም ወር 1968 ዓ.ም. በማኒላ ከተማ ጆ ፍሬዘር ራሱ ከሙሐመድ ዓሊ ጋር ሲጋጠም ዓይኖቹ አብጠው ማየት ተስኖት ነበር። ከ14ኛው ዙር በኋላ፥ እርሱ እቀጥላለሁ እያለ፥ አሠልጣኙ ኤዲ ፈች ወደ መጨረሻው ዙር እንዳይወጣ ከለከለው። ፈች አባቱ አልነበረም፤ በግጥሚያው የሚከብርም የሚዋረድም የራሱ ስም አልነበረም፤ ስለዚህ ከፊቱ የተቀመጠውን ሰው አጥርቶ አየ። አባት ግን በልጁ ፊት ላይ የራሱን ወጣትነት ያያል፥ የራሱንም ጉልበት በልጁ ክንድ ላይ ይቈጥራል። ጉዳቱ የሚመጣው ከጥላቻ ቢሆን ኖሮ ልጁ ቀድሞ በሸሸ ነበር፤ ከፍቅር ስለሚመጣ ግን አጥብቆ ይታዘዘዋል።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በዐሥራ ሰባተኛው ምዕራፍ ሳኦል የገዛ ጥሩሩን ለዳዊት አለበሰው፥ የናስ ቍሩንም ጫነበት፥ ሰይፉንም አስታጠቀው። ክፋት አስቦ አይደለም፤ ካለው ሁሉ የተሻለውን መስጠቱ ነበር። ብላቴናው ሊራመድ ቢሞክር አልሆነለትምና አውልቆ በእረኝነቱ የለመደውን ወንጭፍ ያዘ። ሰባክያን በዚህ ስፍራ የዳዊትን እምነት ያመሰግናሉ፤ የተገባ ነው። እኔ ግን ሳኦልንም እመለከታለሁ። ኋላ በዳዊት ላይ የቀና፥ ጦር የወረወረበት ያው ሳኦል፥ በዚያች ሰዓት ጥሩሩ ሲመለስለት ተቈጣ አልተባለም። ልጁ «ይህን አለመድሁትም» ሲለው የሰጠውን መልሶ የሚቀበል አባት በካራም ሆነ በሌላ ስፍራ ስንት ይገኛል?

እንግዲያስ ካህን ልጁን አያስተምረውምን? ያስተምረው እንጂ። ነገር ግን ቀድሞ ብዙ ልጅ ፊደልንና ዳዊትን ከአባቱ ከተማረ በኋላ ለዜማና ለቅኔ ወደ ሩቅ አገር ይሄድ ነበር። በዚያም አኮፋዳውን አንግቶ፥ ደበሎውን ለብሶ፥ እህል እየለመነ ይማራል። የማን ልጅ እንደ ሆነ የማያውቀው መምህር ቅኔው ከተበላሸ ያርመዋል፥ ከሰመረም ያመሰግነዋል። ስደቱ ብዙ መከራ ነበረበት፤ ውሻውና ረኀቡ ቀላል አልነበረም። ቢሆንም ልጁ በሌላ ሰው ዓይን የሚለካበት ነበር።

ቅዱስ ያሬድ ይህን ዕድል አስቀድሞ አላገኘም፤ መምህሩ አጎቱ አባ ጌዴዎን ነበሩና። ትምህርቱ አልገባው ብሎ ግርፋቱ በጸናበት ጊዜ ኮበለለ። ትሉ ከዛፍ ላይ ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ሲወጣ ያየው በዚሁ በሽሽቱ መንገድ፥ በማይ ኪራሕ ነው። በዚያ ዛፍ ሥር «እንደ አጎትህ ሁን» የሚለው ሰው አልነበረም። ከዚያም ማንም ሳያስገድደው ተነሥቶ ወደ አጎቱ ተመለሰ፥ ይቅርታም ጠየቀ፤ ጌዴዎንም ተቀበሉት።