ፊልም የዘፋኙን ታሪክ ሲናገር ከእውነት እስከ የት ሊርቅ ይገባዋል?

ስለ ዝነኛ ሙዚቀኛ የተሠራ ፊልም ለማየት የሚሄድ ሰው ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛው፣ በድምፁ ብቻ የሚያውቀው ሰው በእውነት እንዴት እንደ ኖረ ለመረዳት ነው፤ ሁለተኛውም ሁለት ሰዓት ያህል ተደስቶና የዕለት ድካሙን ረስቶ ወደ ቤቱ ለመመለስ ነው። እነዚህ ሁለት ፍላጎቶች ግን ሁልጊዜ አይስማሙም። ዘፋኝ በመድረክ ላይ ከሚቆምበት ሰዓት ይልቅ የሚለማመድበት፣ የሚታመምበት፣ ስለ ቤት ኪራይ የሚጨነቅበት ሰዓት ይበዛል። ይህን ሁሉ እንዳለ አሳያለሁ ብሎ የሚነሣ ፊልም ሠሪ ቢኖር አዳራሹ ገና ከእኩሌታው ሳይደርስ ባዶ ይሆንበታል። ስለዚህ መምረጥና ማሳጠር፣ አንዳንድ ጊዜም ያልተነገረ ንግግር መፍጠር ግድ ነው። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። የምጠይቀው ይህ ነፃነት ወሰን አለው ወይ? ካለውስ ወሰኑ ምን ላይ ነው? የሚለውን ነው።

ነገሩ የባሕር ማዶ ሰዎች ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ከዚህ ዓይነት ፊልሞች መካከል እጅግ ብዙ ገንዘብ ካስገቡት አንዱ የሚፈጸመው፣ እዚህ እኛ በምንኖርበት በወሎና በአካባቢው በደረሰው ረኀብ ምክንያት በተደረገ የሙዚቃ ትርኢት ነው። ይኸውም በ2011 ዓ. ም. ለሕዝብ የታየው «ቦሔሚያን ራፕሶዲ» የተባለው፣ ኩዊን ስለተባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ ጓድና ስለ ዘፋኙ ስለ ፍሬዲ መርኩሪ የሚናገረው ፊልም ነው። ከዘጠኝ መቶ ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፤ አራት የኦስካር ሽልማትም አግኝቷል።

የታሪኩን መነሻ በደሴና በኮምቦልቻ ያሉ ሽማግሎች ከማንም ይልቅ ያውቁታል። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ. ም. ማይክል በርክ የተባለው የቢቢሲ ጋዜጠኛ፣ ከፎቶግራፍ አንሺው ከመሐመድ አሚን ጋር ሆኖ፣ በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም ያመጣው ዜና በእንግሊዝ አገር በቴሌቪዥን ታየ። ዘፋኙ ቦብ ጌልዶፍ ይህን ተመልክቶ ባልደረቦቹን አስተባበረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 6 ቀን በለንደንና በፊላደልፊያ ከተሞች ታላቁ ትርኢት ተደረገ፤ ኩዊንም በለንደን ሰባ ሁለት ሺህ በሚሆን ሕዝብ ፊት ለሃያ ደቂቃ ያህል ተጫወተ።

ፊልሙ በዚህ ታሪክ ላይ ያደረገው ለውጥ ከአንድ በላይ ነው። ጓዱ ከዚያ ቀን በፊት ተለያይቶና ተቀያይሞ እንደ ኖረ አድርጎ ያሳያል፤ እውነቱ ግን እስከዚያው ዓመት ግንቦት ወር ድረስ በየአገሩ እየዞረ ይጫወት ነበር። ዘፋኙ ስለሚገድለው በሽታ ለጓደኞቹ የሚነግራቸው ከትርኢቱ በፊት ነው፤ የሕይወት ታሪኩን የጻፉት ግን በሽታው የታወቀው ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ መሆኑን ይናገራሉ። ይህ ሁሉ የተደረገው የመጨረሻው ዘፈን ስንብት እንዲመስልና ተመልካቹ እንዲያለቅስ ነው። ሐሰት ነውን? አዎን፣ ሐሰት ነው። ነገር ግን የአንድን ሰው መከራ ከአንዱ ዓመት ወደ ሌላው ዓመት ማዛወር የራሱን ሀብት ከአንዱ ኪሱ አውጥቶ በሌላው ኪሱ እንደ መክተት ነው። በሕይወት ካሉት የጓዱ አባሎች ሁለቱ ደግሞ በፊልሙ ሥራ ተካፋዮች ስለ ነበሩ፣ በስማቸው የተደረገውን እያወቁ ፈቅደዋል ለማለት ይቻላል።

የሚከብደው ሌላው ነው። በፊልሙ ውስጥ ኩዊን መጫወት እስኪጀምር ድረስ የሚለግሰው ሰው ጥቂት ነው፤ ዘፋኙ ድምፁን ሲያሰማ ግን ስልኮቹ ሁሉ ይጮኻሉ፤ ገንዘቡም ይጎርፋል። በእውነት የሆነው እንዲህ አይደለም። ኩዊን ከመድረክ ከወረደ በኋላ ዴቪድ ቦዊ የተባለው ዘፋኝ ከተመደቡለት ዘፈኖች አንዱን ትቶ፣ በዚያ ፈንታ የተራቡ ኢትዮጵያውያንን የሚያሳይ፣ ከካናዳ ቴሌቪዥን የተገኘ አጭር ፊልም እንዲታይ አደረገ። የልግስናው ስልክ የተጨናነቀው ከዚያ ወዲህ እንደ ሆነ በዚያ የነበሩ ሰዎች መስክረዋል። እርግጥ ነው፣ ያን ሁሉ ሕዝብ በቴሌቪዥኑ ፊት ያስቀመጠው ዘፈኑ ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። እጁን ወደ ኪሱ እንዲሰድ ያደረገው ግን የሕፃናቱ ፊት ነበር። ፊልሙ ይህን ከሕፃናቱ ወስዶ ለዘፋኙ ሰጠው፤ እነርሱን ማንም አላስፈቀደም።

እንግዲህ ወሰኑ እዚህ ላይ ይመስለኛል። የተፈጠረ ነገር ሁሉ በደል አይደለም። የዜማ አባት ቅዱስ ያሬድ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር፣ የንጉሡ ጦር እግሩን ወግቶት ደሙ ሲፈስ ሁለቱም በዜማው ተመስጠው እንዳልተሰማቸው ይነገራል። በሃይማኖት ዓይን የሚያየው እንዳለ ይቀበለዋል፤ የታሪክ መርማሪ ምስክር ሊጠይቅበት ይችላል። ሆኖም ያ ታሪክ ከማንም የቀማው ነገር የለም፤ ንጉሡም እንኳ በዚያ ታሪክ ከበረ እንጂ አልተዋረደም። በአንጻሩ በዚያው በ1977 ዓ. ም. ስምንት የኦስካር ሽልማት የተቀበለው «አማዴዎስ» የተባለው ፊልም፣ ሳልየሪ የሚባለውን የዜማ ደራሲ በቅናት ተቃጥሎ ሞዛርትን ወደ ሞት እንደ ነዳው አድርጎ ያሳያል። ሳልየሪ ግን ቤትሆቨንንና ሹበርትን ያስተማረ፣ የሞዛርትንም ልጅ አባቱ ከሞተ በኋላ ያስተማረ ሰው ነበር። ፊልሙ እጅግ ያማረ ነው፤ ማማሩም ጉዳቱን አባሰው፤ ዛሬ የሳልየሪን ስም የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚያውቀው በዚያ ክፋት ነውና።

«ደስታ የማይሰጥ እውነት ማን ያየዋል?» የሚል ሰው ይኖራል። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ፊልም በገንዘብ ይሠራል፤ ገንዘቡም ከተመልካች ይመጣል። ነገር ግን በዚያች የሐምሌ ቀን ከሁሉ ይልቅ የሰውን ልብ የነካው አንድ ተዋናይ ያልገባበት፣ እንዳለ የተነሣ ፊልም መሆኑን እናስታውስ። እውነት አሰልቺ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ሠሪው ሲሰንፍ ነው።

በአገራችን ያለው አደጋ ግን ሌላ መልክ አለው። እኛ ዝነኛ ሰው ሲሞት ጉድለቱን ሁሉ አብረን እንቀብራለን፤ ከዚያ በኋላ ስለ እርሱ የሚሠራው ሁሉ ውዳሴ ይሆናል። ስለ ክራር ደርዳሪዋና ተዋናይዋ ስለ አስናቀች ወርቁ ራሔል ሳሙኤል የሠራችው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2013 የታየው ዘጋቢ ፊልም እዚህ ላይ የሚጠቀስ ነው። አስናቀች በ2004 ዓ. ም. ካረፈች በኋላ የወጣ ቢሆንም፣ ደፋርና ሞገደኛ ሴት መሆኗን አልሸሸገም፤ ተመልካቹም በዚህ ምክንያት ይበልጥ ወደዳት እንጂ አልጠላትም።

አንድ ቀን ስለ ወሎ ዘፋኝ፣ ለምሳሌ ስለ ማሪቱ ለገሠ ወይም ከደሴ ስለ ወጣው ስለ ላሊበላ ኪነት ፊልም ይሠራ ይሆናል። ያን ጊዜ ሠሪው ሁለት ፈተና ይገጥመዋል። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ የተጠሩት በእኛው ቦታዎች ስም ነው፤ አንደኛው ከደሴ በስተ ሰሜን ያለው ተራራ፣ ሁለተኛው ከኮምቦልቻ ወደ አሰብ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የገበያ ከተማ ነው። ለጨዋታ ያደላ ፊልም ባቲን ስክስታና ውበት ብቻ አድርጎ ያሳያታል፤ የባዕድ ዐይን የለመደው ደግሞ የ1977ቱን የረኀብተኞች መጠለያ ብቻ አድርጎ ያሳያታል። ሁለቱም የነበረ ነገር ነው። አንዲት የወሎ ዘፋኝ ባቲን ስትዘፍን፣ ሰሚዋ የሚያስበው የቱን ነው? ያን ዘመን ባየው ሰው ጆሮ ውስጥ ሁለቱ ተለያይተው አይሰሙም፤ ፊልም ሠሪውም ይህን በምሥል ለማሳየት ከቻለ እንባም ሆነ ደስታ ከሌላ ቦታ መበደር አያሻውም።

የሚጠይቃቸው ሰዎችም አልጠፉም። በዚያ መጠለያ ሕፃን የነበሩት ዛሬ ጎልማሶች ናቸው፤ ሰኞ ሰኞ ከአፋሩ፣ ከኦሮሞውና ከአማራው ጋር በባቲ ገበያ ይሸጣሉ፤ ይገዛሉ።