ስፒከር ይሟሻል?

በዋግ ኽምራ ደጋ አዲስ የሸክላ ምጣድ እንደተገዛ እንጀራ አይጋገርበትም። እሳት ላይ ተጥዶ፣ በጎመን ዘር ታሽቶ፣ አስቀድሞ ይሟሻል። ካልተሟሸ ሊጡን ይይዛል፤ ክርክር የለውም፣ ምስክሩ ራሱ ምጣዱ ነው። እርጥበት ያላላው ከበሮም ፀሐይ ሲሞቅ ተወጥሮ ድምፁ ይለወጣል። የውቅር መስቀለ ክርስቶስን ደጅ ለሚሳለም የሰቆጣ ሰው ይህን መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው።

ስፒከርስ? እዚያው ሰቆጣ፣ ፍየል ሸጦ የመጣ አንድ ገበሬ የገዛው ስፒከር ድምፁ ታፍኖበት ቅር ሲለው፣ ባለሱቁ «አባቴ፣ ገና ሮዳጅ ላይ ነው፤ 100 ሰዓት ሲሠራ ይፈታልዎታል» ሲለው ሰማሁ። ሮዳጅ ከጣልያን የወረስነው የጋራዥ ቃል ነው፤ የፒስተን ቀለበት ከሲሊንደሩ ጋር ተፋትጎ እስኪስማማ ድረስ ያለው ጊዜ። በስፒከር ውስጥ ምን ይፋተጋል?

ለሐቁ ሲባል፣ ሰውየው ፈጽሞ አልዋሸም። ድምፅ የሚያወጣው ሾጣጣ በሙጫ በደረቀ ጨርቅና በጎማ ወይም በስፖንጅ ጠርዝ ተይዞ ነው የሚርገበገበው፤ እነዚህ ሲሠሩ ጥቂት ይላላሉ። ታዲያ አብዛኛው መላላት ገና በመጀመሪያው ጨዋታ ያልቃል። በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ያለው አየርም ራሱ እንደ ሞላ ስለሚገፋ፣ ለጆሮ የሚተርፈው ልዩነት ኢምንት ነው። (ሽቦም ይሟሻል የሚሉ አሉ። የመዳብ ምኑ ይላላል?)

በ100 ሰዓት ውስጥ ከስፒከሩ ይልቅ የሚለወጠው ጆሯችን ነው። ገበሬው በቀን 2 ሰዓት ቢከፍተው 50 ቀን መሆኑ ነው። ያኔ ወይ ድምፁን ለምዶታል፣ ወይ «አሁንማ ተጠቅመህበታል» ተብሎ ይመለሳል።

«ከወደደው ምን ቀረበት?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ ደስታው የእውነት ደስታ ነውና። እኔን የሚከነክነኝ ግን ያ ሰው በመጀመሪያው ቀን ጆሮው የነገረውን እንዳያምን መደረጉ ነው። ምጣዱ ሊጥ ሲይዝ ጎረቤት ሁሉ ያያል፤ እዚህ ግን ዳኛውም ምስክሩም አንድ ጆሮ ነው፣ እሱንም አስቀድመው አባብለውታል።

ባለሱቁ ከልቡ የሚያምንበት ቢሆን ኖሮ መንገድ ነበረው። ሲዘፍን የከረመውንና ከካርቶን ያልወጣውን፣ አንድ ዓይነት ስፒከሮች፣ ከነጠላ ጀርባ አስቀምጦ፣ ድምፃቸውን እኩል አድርጎ፣ «አባቴ፣ የቱ ነው የተፈታው?» ብሎ መጠየቅ። 100 ሰዓት ቀርቶ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።