ነጻው ሥልጠና ስንት ያስከፍላል?

በቀደም አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሰፈራችን የወረዳ አዳራሽ የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ ሥልጠና ይሰጣል ተባለና ሄድኩ። በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «በነጻ» የምትለዋን ቃል ከርእሱ አስበልጦ ጽፏታል። ወደ ሠላሳ ሰው ተሰብስበናል። የታክሲ ረዳት አለ፤ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ፤ ልጇን ያዘለች እናት አለች።

ወለሉ ላይ ከወገቡ በላይ ብቻ ያለው አሻንጉሊት ተጋድሟል። አሠልጣኟ ነርስ ተንበርክካ አንዱን መዳፏን በሌላው ላይ ደረበችና የደረቱን መሐል ትጫን ጀመር። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፤ ለዐዋቂ ሰው ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር እስኪሰምጥ። 30 ጊዜ ተጭኖ 2 ጊዜ ትንፋሽ መስጠት፤ ትንፋሽ መስጠቱን ያልቻለ መጫኑን ብቻ አያቋርጥ። ተራችን ደርሶ ስንሞክረው ሁለት ደቂቃ ሳይሞላን አላበን።

ይኼኔ ረዳቱ እጁን አወጣ። «ሲስተር፣ ነካክቼው ቢሞትብኝስ? አንተ ነህ የገደልከው ብባልስ?»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ለካስ የሁላችንም ጥያቄ ኖሯል። «ስትጠራው ካልመለሰልህ፣ በደንብም ካልተነፈሰ፣ ዝም ብትለው የሚጠብቀው ሞት ነው» አለችው። «ስትጫነው የጎድን አጥንቱ ሊሰበር ይችላል። የተሰበረ አጥንት ይድናል፤ የሞተ ሰው ግን አይድንም።»

እኔ በሐሳብ ወደ አራት ኪሎ ሄድኩ። ከዓመታት በፊት አንድ ሽማግሌ ታክሲ ስንጠብቅ አጠገቤ ዘጭ ብለው ወደቁ። ወዲያው ከበብናቸው። አንዱ «ውኃ አፍስሱባቸው!» ይላል። ሌላው «ክብሪት ጭራችሁ አሽትቷቸው!» ይላል። ሌላው ራሱ ሳይነቃነቅ «ዘወር በሉ፣ አየር ይግባ!» ይላል። እኔ ባርኔጣቸውን ከመሬት አንሥቼ አቧራውን አራገፍኩ። በዚያ ሁሉ ደቂቃ የሠራሁት ሥራ ይኸው ነው። በኋላ እጅና እግራቸውን ይዘው ታክሲ ውስጥ ከተቷቸው። ባርኔጣው እጄ ላይ ቀረ። ምን እንደሆኑ እስከዛሬ አላውቅም።

ጨካኞች ነበርን? አይደለንም። ያለቀሰች ሴት ነበረች፤ እኔም አንጀቴ ተላውሷል። ርኅራኄ ሞልቶን ነበር፤ የጎደለን የሚያውቅ እጅ ነው። ስለ ደጉ ሳምራዊ ሲሰበክ ዘወትር የምንሰማው ስለ ማዘኑ ነው። ዘይትና ወይን ይዞ መገኘቱን፣ ቁስል ማሰር ማወቁን ግን ልብ አንለውም። አዝኖ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቁስለኛው እዚያው መንገድ ላይ በቀረ ነበር።

ሌላም የጎደለን ነገር አለ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንላለን። ኃላፊነት ግን እንደ ሎሚ አይደለም። ለሃምሳ ሰው ሲካፈል ማንም እጅ ላይ አይገኝም። ነርሷ ይህን ስለምታውቅ «ሰዎች፣ አምቡላንስ ጥሩ!» ብላችሁ እንዳትጮኹ አለችን። «አንተ ቢጫ ሸሚዝ የለበስከው፣ 907 ደውልና ተመልሰህ ንገረኝ» በሉ። ጣት የተቀሰረበት ሰው ከሕዝቡ መሐል ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ግዴታው የእሱ ነው።

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 575፣ ሕይወቱ በቅርብና በከባድ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው፣ ራሱንም ሌላውንም ለአደጋ ሳያጋልጥ ሊረዳው እየቻለ ሆን ብሎ ትቶት የሄደን ይቀጣል። «እየቻለ» የምትለዋ ቃል ላይ ቆም እንበል። እኔ ያን ቀን አልቻልኩም ነበር፤ ስለዚህ በሕግ ፊት ንጹሕ ነኝ። አሁንስ?

ስንወጣ መምህሩ ትከሻዬን ነካ አድርገው «ልጄ፣ ባንማረው ይሻለን ነበር መሰለኝ። ከእንግዲህ ሰው ወድቆ ስናይ ምን ብለን እናልፋለን?» አሉኝ። ቀልዳቸውን ነው፤ ግን ቀልድ ብቻ አይደለም። ሥልጠናው ገንዘብ አላስከፈለንም፤ ያስከፈለን «አላውቅም ነበር» የምንላትን መሸሸጊያ ነው። ድሮ ርካሽ ነበረች፤ ሁላችንም ነበረችን።

ታዲያ ላለመክፈል ቤት መቅረት ይሻል ይሆን? እኔ አይመስለኝም። ዕውቀቱ ሩቅ ሳለ አለማወቅ ዕጣ ነው። የአንድ ቅዳሜ ጠዋት መንገድ ያህል ሲቀርብና አልሄድም ስንል ግን አለማወቃችን ምርጫችን ሆነ ማለት ነው። ለመረጥነው ነገር ደግሞ ተጠያቂዎች ነን።

የወደቀው ሰው ሲሞት «ነፍስ ይማር» ብለን እንበተናለን። መማር የነበረብን ግን እኛ ነን።