ድግሱን እኛ ተውነው ወይስ እርሱ ተወን?

በ2017 ዓ.ም. በጥር ወር፥ ከጥምቀት በዓል በኋላ፥ አንድ የቅኔ ቤት ባልንጀራዬ ልጁን ሲድር ተጠርቼ ሄድሁ። ማዕዱ የተሟላ፥ ጠጁም የጠራ ነበር። ነገር ግን ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ዘመዱ ሁሉ ለጭፈራ ሲነሣ እኔ ጋቢዬንና ምርኵዜን እፈልግ ጀመር። በአጠገቤ የተቀመጠ አንድ ወጣት ይህን አይቶ «አባታችን፥ እርስዎስ የዚህን ዓለም ደስታ ንቀው ተዉት፤ ታድለዋል» አለኝ። እኔም አንገቴን ደፍቼ ዝም አልሁ።

ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ያ ዝምታ እንደ እሾኽ ወጋኝ፤ ባልሠራሁት ሥራ ተመስግኜ ዝም ብያለሁና። በ1980ዎቹ ዓመታት በጎጃም ቅኔ ስማር፥ በዓል በሆነ ጊዜ ሌሊቱን በማሕሌት ቆሜ ዐድሬ፥ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ድግሱ ወርጄ፥ ጠላውንም ጠጁንም ሳልመርጥ እስከ ማታ ስጫወት ውዬ፥ በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ከመምህሬ ፊት እቀመጥ ነበር። ዛሬ በ57 ዓመቴ ግማሽ ብርሌ ጠጅ እስከ ማግሥቱ ቀትር ድረስ ራሴን ያከብደዋል። ታዲያ ድግሱን የናቅሁት መቼ ነው? ጕልበቴ ከዳኝ እንጂ እኔስ አልናቅሁትም።

የሕክምና ሊቃውንትም ነገሩን ይመሰክራሉ። ሰው ዕድሜው ሲገፋ በሰውነቱ ውስጥ ያለው የውኃ መጠን ስለሚቀንስ ያው የወትሮው መጠጥ በደሙ ውስጥ በርትቶ ይገኛል፤ እንቅልፉም ይሳሳል፤ ጆሮውም በብዙ ጫጫታ መካከል የአንዱን ሰው ንግግር መለየት ያቅተዋል። ይህ ሁሉ የተፈጥሮ ሥራ ነው። ትሩፋት የሚባለው በሚቻል ነገር ላይ ፈቃድ ሲሠለጥን ነው፤ ጥርሱ ያለቀ ሰው ጥሬ አልቈረጥምም ቢል ጾመኛ አያሰኘውም።

ከዚህ የሚከፋ ሌላ ነገርም አለ። ጕልበቱ የደከመ ሰው ድካሙን ጽድቅ አድርጎ ከቈጠረ በኋላ ጕልበት ያላቸውን መንቀፍ ይጀምራል። «በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም» ይላል። ነበረ እንጂ! እኔ ራሴ ነበርሁበት። ይቅርታ ይደረግልኝና፥ ከ50 ዓመት በኋላ በዐውደ ምሕረት ስለ ጭፈራ ከምንሰጠው ተግሣጽ ጥቂቱ የመጣው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጕልበት ሕመም ይመስለኛል። ስካርና ዝሙት የሚነቀፉ መሆናቸው የታወቀ ነው፤ ሠርግና ደስታ ግን ራሳቸው ነውር ቢሆኑ ኖሮ ጌታችን በቃና ባልታደመ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያንም ጥር 12 ቀን በዓሉን ባላከበረች ነበር።

በሁለተኛው የሳሙኤል መጽሐፍ የሚነገርለት ገለዓዳዊው ቤርዜሊ ለዚህ ጥያቄ መልካም መምህር ነው። ዳዊት ከልጁ ከአቤሴሎም ሸሽቶ በመሃናይም ሳለ፥ ይህ ሽማግሌ ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ሆኖ መኝታና ስንዴ፥ ገብስና ምስር፥ ማርና ቅቤ አቅርቦለት ነበር። ጦርነቱ አልቆ ንጉሡ ሲመለስ፥ ወደ ኢየሩሳሌም ወስዶ በማዕዱ ሊያኖረው ወደደ። ቤርዜሊ ግን ዕድሜው 80 እንደ ሆነ፥ የሚበላውንና የሚጠጣውን ጣዕም እንደማይለይ፥ የዘፋኞችንም ድምፅ መስማት እንዳቃተው ገልጦ፥ በንጉሡ ላይ ሸክም ከመሆን በአባቱና በእናቱ መቃብር አጠገብ ይሞት ዘንድ ፈቃድ ለመነ። ልብ እንበል፤ ይህ ሰው አለመቻሉን ተናገረ፤ መናቁን አልተናገረም። ማዕዱንም አልነቀፈም፤ በርሱ ፈንታ ከመዓም እንዲሄድ አደረገ። ንጉሡም ሳመው፥ መረቀውም።

በእኔ አስተያየት የእኛ ድርሻ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ዳኛ የፈረደበትን ዕዳ ሳያጕረመርም የሚከፍል ሰው አለ፤ እየተራገመ የሚከፍልም አለ። ገንዘቡ አንድ ነው፤ ልቡ ግን አንድ አይደለም። ዕድሜ የሚወስድብንንም እንዲሁ ወይ በፈቃድ እንሰጠዋለን፥ ወይ በግድ እንነጠቀዋለን። ጠጕሩን አጥቍሮ ከወጣቶች ጋር ሲያመሽ ከርሞ በኋላ የሚታመመው ሰው ይህን ያላወቀ ነው፤ ስለ እርሱ ብዙ አልናገርም።

እኔ አሁን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን እነቃለሁ። በወጣትነቴ ያ ሰዓት፥ ማሕሌት ከሌለ፥ የጭፈራ ወይም የእንቅልፍ ነበር፤ ዛሬ ዳዊት የምደግምበት ሆኗል። ይህንንም ቢሆን በትሩፋት ለመቍጠር አልደፍርም፤ እንቅልፍ ቢመጣልኝ የምተኛ ይመስለኛልና።

ያን ወጣት ከሳምንት በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር አገኘሁት። «ልጄ፥ ያን ዕለት ዓለምን ንቀዋል ያልኸው ሐሰት ነው፤ የተወው ጕልበቴ ነው» አልሁት። ስቆ ሲያበቃ፥ ከፋሲካ በኋላ የራሱ ሠርግ እንደ ሆነ ነግሮ እንድገኝለት ለመነኝ። እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት እንደምቀመጥ፥ ለጭፈራው ግን ልጄን እንደምተውለት ቃል ገባሁለት።